ኮፍያው ላይ ያለው አውሬ

የባለቤቴ ታናሽ እህት ጄኔቭ ውስጥ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ልጅ የላትም፤ የእኔን ልጅ «ልጄ» ነው የምትላት። አንድ ዓመት፣ በረዶው ሳይገባ፣ ጃኬት ገዝታ በሰው ላከችላት። ኮፍያው ዙሪያውን ለስላሳ ፀጉር አለው። ልጄ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው፤ ለብሳው እዚሁ አገር፣ በጀርመንኛ ተናጋሪው ክፍል፣ አልትሽቴተን ያለችውን ጠባብ ቤታችንን ስትዞራት ዋለች።

እኔ ደግሞ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ትምህርቴን በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት፤ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ እዚህ ስመጣም ጀርመንኛ ያስተማሩኝ የአውቶቡስ ማስታወቂያና የፓስታ ካርቶን ናቸው። ስለዚህ በጃኬቱ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ይዤ ልጅቷን አስቆምኩና ማስተማር ጀመርኩ። እዚህ አገር ሻጩ ፀጉሩ የምን እንስሳ እንደሆነና እንስሳው እንዴት እንደተያዘ መጻፍ አለበት። ይኼኛው ኮዮቴ ነው፣ የአሜሪካ የዱር ውሻ። ከሥሩ «ፋለንያግት» ይላል።

«በወጥመድ ማደን ማለት ነው» አልኳት። «አዳኙ ወጥመድ ያጠምዳል፤ እንስሳው ሲረግጠው ይይዘዋል።»

«አዳኝ? የቤተ ክርስቲያኑ?»

ሳቄ አመለጠኝ። ቃሉን የምታውቀው ከስብከት ነው፣ ለጌታ ሲባል። ሁለቱም ያድናሉ፤ አንዱ ከሞት፣ ሌላው ለመግደል። ይኼኛው የሚገድለው ነው አልኳት።

እሷ አልሳቀችም። አዳኙ እስኪመጣ እንስሳው ምን እንደሚሆን ጠየቀችኝ። የተሰጡትን ነገር መመርመር ነውር ነው ብዬ ተቆጣኋት፤ የመረመርኩት ግን እኔ ነበርኩ። በማግስቱ ሥራ ቦታ በዕረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ አነበብኩ። ብረቱ እግሩን ይነክሰዋል። እዚያው ብርድ ላይ ሆኖ ሰውየውን ይጠብቃል። አንዳንዱ ለማምለጥ ሲል የገዛ እግሩን ያኝካል። ልጄን ዋሽቻት ስለማላውቅ ማታ ምንም ሳልቀንስ ነገርኳት።

ፀጉሩን ከኮፍያው ላይ በዚፑ ፈትታ አወጣችው። ለአክስቷም ራሷ እንደምትነግራት አስታወቀች። ባለቤቴ በእኔ ተናደደች፤ እህቴ ተጠላሁ ብላ ትቀየማለች፣ ሁለተኛም እጇን አትዘረጋልንም አለች።

ለገና ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ወዳለው የአክስቷ ቤት ሄድን። ባቡሩ ውስጥ ልጄን አስጠናኋት፤ መጀመሪያ ትስሚያታለሽ፣ ቀጥሎ ታመሰግኛለሽ፣ ከምሳ በኋላ ቀስ ብለሽ ትነግሪያታለሽ። እሷ በሩ ሲከፈት በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

«አክስቴ፣ ጃኬቱ ቆንጆ ነው፣ ግን እንስሳው እግሩን አሞታል፣ አወጣሁት።»

አክስቷ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ነህ ያነበብክላት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኔስ የሚያነብልኝ የለም?» አለችና ከቁም ሳጥን ካፖርት አወጣች። ለራሷም ኮፍያው ላይ ፀጉር ያለው ገዝታ ኖሯል። ዚፕ ብትፈልግ የለውም፤ የእሷ የተሰፋ ነው። አልጋው ላይ ዘርግታ ልጄን ጠየቀቻት፣ የምሯን፦ «ምን ላድርገው?»

ልጄ አሰበች። «አሁን ብርድ ነው፣ ልበሺው። ሌላ ግን አትግዢ።»

«እሺ፣ እመቤት» አለች አክስቷ።

ስለ ምሕረት ጥቂት ለመናገር አፌን ስከፍት ባለቤቴ እግሬን ረገጠችኝ። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነው፤ ዝም አልኩ።

ከምሳ በኋላ ሐይቁ ዳር ወጣን። ልጄና አክስቷ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ቀደሙን። አክስቷ ካፖርቱን ለብሳለች፣ ኮፍያውን ማጥለቁን ግን ትታዋለች፤ ጆሮዋ በብርድ ቀልቷል። ልጄ አየቻት፣ አስጎነበሰቻትና የራሷን ሻርፕ ጠመጠመችላት።