በሚካኤል ዕለት የታረመ ገብስ

በረዶው ቆርቆሮዬን ሲደበድብ የእናቴ ፊት ድቅን አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ እንኖር ነበር። አንድ ክረምት በረዶ የጎረቤታችንን የአያ ዘለቀን ገብስ ሲያወድመው እናቴ፣ «የሚካኤልን በዓል ሽሮ ስላረመ ነው። እኛንማ እግዜር ያውቀናል» እያለች ለመንደሩ አወራች። በዓመቱ በረዶው የእሳቸውን ማሳ ዘሎ የእኛን ደመሰሰው። ለዘር እንኳ የሚሆን አልተረፈንም።

አያ ዘለቀ የዘር ገብስ ተሸክመው መጡ።

«አያ፣ ዘንድሮ እግዜር አንቱን ወደደ?» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ! ቢያዳላማ እንደኔ ያለውን ይመርጥ ነበር?» ብለው ሳቁ። ወደ እናቴም ዞረው፣ «በይ እቱ፣ ዕቃ አምጪ» አሏት።

ገብሱ ስፌቱ ላይ ሲንፏፏ እናቴ ቀና አላለችም።

ዛሬ በረዶው ሲያባራ ወጣሁ። የጎረቤቴ ጎመን ተበጣጥሷል፤ የእኔ ቆሟል። «ተመስገን» ማለት አሳፈረኝ።