በሰሊጥ ማሳ ውስጥ ያገኘሁት ቅርስ

ቁጣዬ ቶሎ ነው። እናቴ ይህን ጠባዬን ስታይ ከክብሪት ጋር እንደተወለድኩ ትናገር ነበር። ያደግሁት መተማ፣ የማስተምረው መተማ፣ የማስተምረውም ታሪክ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከደጋ ወርዶ መተማ ከሙቀትና ከሰሊጥ ሌላ ምን አላት ሲል ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ያንን ቅጽ እንዲያ አድርጌ የሞላሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው። ዛሬ ስቄ አወራዋለሁ፤ ያኔ ግን አንድን ሽማግሌ መሬታቸውን ላሳጣቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። የታሪክ መምህራን በየአካባቢያችን ያሉትን ቅርሶች ዞረን እንድንመዘግብ ከወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ቅጽ ተላከልን። መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳነብ፣ አጠገቤ የሚቀመጠው የጂኦግራፊ መምህር አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ። ጎንደር ከተማ፣ ከግንቡ አጥር ሥር ነው የተወለደው፤ ይህንንም ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም።

"ስንት መስመር አለው ቅጹ፣ እህቴ? ለእናንተማ ይበዛባችኋል" አለኝ።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀልዱ ነው። እኔ ግን ቱግ አልኩ። ገጹ ካልበቃኝ ከጀርባው እንደምጽፍበት ነግሬው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ከተማዋን መዞር ያዝኩ። በጠዋት እወጣለሁ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የመተማ ፀሐይ ታሪክ አታስጠናም። ንጉሠ ነገሥቱ በጦርነት የወደቁበትን ስፍራ በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንዳየሁት እንጃ፤ ደብተር ይዤ ስቆም ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት መሰለኝ። ቤተ ክርስቲያናችን ስሄድ ቄሰ ገበዙ ዕቃ ቤት አስገብተው ጠርዙ በእሳት የተለበለበ አሮጌ ከበሮ አሳዩኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፁን ስሰማ የኖርኩት ከበሮ ነው፤ ከየትኛው እሳት እንደተረፈ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የመስጊዱ ጠባቂ ደግሞ ወንበር አውጥተው፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ አስቀድተው፣ አያታቸው ከሱዳን ግመል እየነዱ መጥተው እንዴት እዚሁ እንደቀሩ አጫወቱኝ። በጣሊያን ጊዜ ከተቆፈረው ምሽግ አፋፍ ላይ ሆኜ ማዶ ያለችውን የሱዳኗን ገላባትን አየኋት። እንዲያ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

በአርባ ዓመቴ ከተማዬን ገና እየተዋወቅኋት ነበር፤ ደስም ይል ነበር። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን እስከዚያ የጻፍኩትን ሁሉ የጂኦግራፊው መምህር ያውቀዋል። እኔ የፈለግሁት እሱ ሰምቶት የማያውቀውን ነበር።

በጥር አገኘሁት። ከከተማ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ አጨዳው ያለቀ የሰሊጥ ማሳ መካከል፣ በሰው ቁመት ልክ የተከመረ ድንጋይ አየሁ። ዞርኩት፤ ክብ ነው። የድሮ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ክብ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ድንጋዮቹ ላይ ቀጥ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ ጭረቶች አሉባቸው። መሮ ያረፈባቸው፣ የጠራቢ እጅ ያለባቸው ናቸው ብዬ እዚያው ደመደምኩ። የማሳው ባለቤት ለዘመድ ተዝካር ደጋ ወጥተው ስለነበር አላገኘኋቸውም። እስኪመለሱ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። አጠገቡ ካለው ማሳ ላይ ጥጥ የሚለቅም አንድ የወሎ ሰው ጠየቅሁ። ከመጣ ገና ሦስት ሳምንቱ እንደሆነ፣ ስለ አገሩ ምንም እንደማያውቅ፣ ነገሩ ግን የጥንት ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ። ከንግግሩ ሁሉ ጆሮዬ የያዘው የመጨረሻውን ነው። ፎቶ አነሳሁና ቅጹ ላይ "የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ" ብዬ ጻፍኩ። መረጃ ሰጪ በሚለው ቦታም "የአካባቢው ነዋሪ" ብዬ ሞልቼ ላክሁት።

ሰኞ ለጂኦግራፊው መምህር ፎቶውን በስልኬ አሳየሁት። ጭረቶቹን በጣቱ እያሰፋ አያቸው። ሳይቀልድ ቦታው የት እንደሆነ ጠየቀኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኔ ሊገባ ሲል መልስ መጣ። ክምሩና በዙሪያው ያለው አንድ ሄክታር መሬት እስኪጠና ድረስ እንዳይታረስ ለቀበሌው ተጽፏል። ሐሙስ ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ ያየዋል፤ እኔም አለሁበት፣ የጂኦግራፊው መምህርም ካልሄድኩ ብሎ ገብቶበታል። ሽማግሌው ያላቸው መሬት በጠቅላላው ሦስት ሄክታር መሆኑን የሰማሁት ያኔ ነው። የዘር ጊዜ መድረሱንም አውቃለሁ። ቢሆንም በመሬታቸው ላይ ቤተ ክርስቲያን በመገኘቱ ደስ ይላቸዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራሴን ለማሳመን ብዙ አልቸገርም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የታመመች ዘመድ ጠይቄ በባጃጅ ስመለስ፣ መንገድ ዳር ትራክተር እያረሰ ነበር። የማረሻው ዲስክ ድንጋይ መታና ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ አሰማ። ሹፌሩ አቁሞ ወረደ፤ ድንጋዩን በሁለት እጁ ተሸክሞ ማሳው ጥግ ካለ ክምር ላይ ወረወረው። ባጃጁን አስቆምኩ። ለምን እንዳስቆምኩት እንኳ ገና አልገባኝም ነበር። ሄጄ ድንጋዩን ገለበጥኩት። ቀጥ ያሉ፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ ነጫጭ አዲስ ጭረቶች አሉበት። ሌላውን ገለበጥኩ፤ እሱም ያው። ከሥር ያሉት ደግሞ ዝናብ ያጠባቸው፣ ጭረታቸው የደበዘዘ፣ ቁርጥ የእኔን ቤተ ክርስቲያን ድንጋዮች ናቸው። ሹፌሩ ምን ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። እዚያው ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍለ ጊዜዬን ለሰው ሰጥቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። የምላቸውን መንገድ ላይ ስደረድር ነበር። በማሳቸው ዳር፣ በማሽላ አገዳ ከተሠራችው ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰሊጥ ዘር በወንፊት ይነፋሉ። ዞር ብዬ ሳይ ማሳው ታርሷል፤ በክምሩ ዙሪያ ያለው ሰፊ መሬት ግን ከነገለባው ተትቷል። የቀበሌው ደብዳቤ ደርሷቸዋል ማለት ነው። ያንን ያልታረሰ መሬት ሳይ የደረደርኩት ሁሉ ጠፋኝ።

"አባቴ፣ ጥፋት አጥፍቼ ነው የመጣሁት" አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉንም እንደ ወረደ ነገርኳቸው፤ ስለ ቅጹ፣ ስለ ጭረቶቹ፣ ስለ ትራክተሩ፣ ሰው ለማስቀናት ብዬ መቸኮሌንም ሳይቀር። እስክጨርስ ወንፊቱን አላቆሙም። ስጨርስ ከጎናቸው አስቀመጡት።

"እሱንስ አውቃለሁ። የለቀምነው እኔና ባለቤቴ ነን፣ ነፍሷን ይማርና። አባቴ ሲያወርሰኝ ግማሹ ድንጋይ ነበር። ትራክተሩ ያወጣል፣ እኛ ከኋላው እንለቅማለን። እንዲህ ስንል ሰባት ክረምት።"

ታዲያ ደብዳቤው ሲመጣ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት።

"የተማረ ሰው ቤተ ክርስቲያን ነበር ካለ እኔ ምን ብዬ ልከራከር? መጽሐፍ አይተው ይሆናል አልሁ። ድንጋዩን ከመከመራችን በፊት ከሥሩ ምን እንደነበረ እኔ በምን አውቃለሁ? የታቦት ቦታ ረግጬ ከማርስ፣ መሬቱ ይቅርብኝ አልሁ።"

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬን አፍ ለማስያዝ ብዬ እኒህን ሰው የዓመት ቀለባቸውን ላሳጣቸው ነበር። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ፤ የታቦቱን ቦታ ማየት ከፈለግሁ እሱ ወዲያ መሆኑን ነግረውኝ መንገድ ጀመሩ።

ማሳቸው ከጎረቤት ማሳ ጋር በሚዋሰንበት ጫፍ ሦስት የኩመር ዛፎችና ቁጥቋጦ ያሉበት ክብ መሬት አለ። በጥር ሁለት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፤ ዱር ነው ብዬ ዞር ብዬም አላየሁት። ሽማግሌው ጫማቸውን አወለቁ፤ እኔም አወለቅሁ። አባታቸው ከደጋ ወርደው ሲሰፍሩ፣ ቀድመዋቸው የነበሩት ሰዎች የድሮ ቤተ ክርስቲያን የነበረበትን ይህን ቦታ እንዳያርሱ አደራ ብለዋቸዋል። አባታቸው ለእሳቸው ነገሩ፣ እሳቸው በየዓመቱ ለሚመጣው የትራክተር ሹፌር ይነግራሉ። ሹፌሩ ይለዋወጣል፤ እዚህ ሲደርስ ግን ሁሉም ዲስኩን ከፍ አድርጎ ዞሮ ያልፋል። ከዛፎቹ ሥር በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። ሽማግሌው ቅጠሉን በእጃቸው ጠረጉና በጠጠር መቱት። ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። የድንጋይ ደወል ነበር፤ በደጋ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰቅሎ አይቻለሁ።

በዚህ ጊዜ ግን ደብተሬን አላወጣሁም። መጀመሪያ ሁለቱን ጎረቤቶች ጠየቅሁ። ከዚያ ከተማ ተመልሼ ቄሰ ገበዙን ጠየቅሁ። ሦስቱም በየራሳቸው ያንኑ ነገሩኝ። ቄሰ ገበዙማ ከበሮውን ሊያሳዩኝ ያስገቡኝ ቀን ብጠይቃቸው ኖሮ ያኔውኑ ይነግሩኝ እንደነበር ነገሩኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ኮሚቴው መጣ። ክምሩ አጠገብ እንደደረስን፣ ማንም ሳይናገር፣ ይህ ከሰሊጥ ማሳ የተለቀመ ድንጋይ እንደሆነ፣ ጭረቱም የዲስክ እንደሆነ፣ ስህተቱም የእኔ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የጂኦግራፊው መምህር እስኪስቅ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ አንዱን ጭረት በጣቱ ዳሰሰ።

"እኔም እኮ መሮ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ፎቶውን ጎንደር ላሉት ወንድሞቼ ሁሉ ልኬዋለሁ" አለ። ጆሮው ቀልቷል። ያኔ ሁላችንም ሳቅን፤ ሽማግሌውም ጭምር።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ዛፎቹ ወሰዱን። ደወሉን እየተቀባበልን መታነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ቅጹ ላይ ክምሩን ሰርዘው በምትኩ የዛፎቹን ቦታ ጻፉ። ያ ቦታ ድሮም ታርሶ ስለማያውቅ ከሽማግሌው ማሳ አንድ ትልም እንኳ የሚቀነስ አልነበረም። እዚያው ቆመን ለቀበሌው ተደወለ፤ ከሰዓት በኋላ ትራክተሩ መጣ። ሌሎቹ ሲሄዱ እኔ ራኩባዋ ሥር ቀርቼ፣ ዲስኩ ያንን የተተወ መሬት ሲገለብጠው ዳር እስከ ዳር አየሁ። እፎይ አልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ በደንብ የተነፈስኩ አይመስለኝም።

ሽማግሌውን ልሰናበታቸው ስል ስለ ክምሩ ፎቶ ጠየቁኝ። ከቅጹ መውጣቱን፣ ከስልኬም ዛሬውኑ እንደማጠፋው ነገርኳቸው።

"አታጥፊው" አሉኝ። "ባለቤቴ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ያን ድንጋይ ግን አብዛኛውን የለቀመችው እሷ ናት።"

በሳምንቱ ከተማ አሳጥቤ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላቸው። ግድግዳቸው ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሏል። እንግዳ ገብቶ ይህ የድንጋይ ክምር ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃቸው "ባለቤቴ ናት" ይላሉ።