ከማይነሳው ኮምፒውተር ውስጥ የቀረች ፎቶ

መካነ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ ኮምፒውተሬ እምቢ ያለኝ በማይሆን ቀን ነው። ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ምንም የለም። ከፊቴ ደግሞ ባልና ሚስት ቆመዋል። ዓረብ አገር የሄደች ልጃቸው ድምጿ ከጠፋ ወራት አልፏል። እዚያው የሚሠራ ጎረቤታቸው እረፍቱን ጨርሶ እየተመለሰ ነው፤ ፎቶዋን ስጡኝና እስር ቤቱንም ሆስፒታሉንም ዞሬ ላፈላልጋት ብሏቸዋል። ፎቶዋ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ ለፓስፖርት ያነሳኋት እኔ ነኝ። ጎረቤትየው የተሳፈረበት የደሴ መኪና ከመናኸሪያው ሊወጣ ክላክሱን ያስጮኻል።

«ፎቶዋ አለች፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ እናት።

«አብሽሩ፣ እማማ» አልኩ።

አንድ የማውቀው አስተማሪ ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ያለበት ሲዲ ሰጥቶኝ ነበር። የኮምፒውተሩ የራሱ ሲስተም ቢበላሽ እንኳ በሲዲው አስነስተህ ፋይልህን ታወጣለህ ብሎኛል፤ ሞክሬው ግን አላውቅም። ከተትኩት። ሲዲው ይሽከረከራል፣ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። ያን ድምፅ ያሰማ ዲስክ ብዙ አይቆይም።

ተነሳ። ፎልደሮቼም ወጡ። የደንበኞቼን ፎቶ የማስቀምጠው በየስማቸው ነው። የልጅቱን ስም ብፈልግ የለም። ደግሜ ፈለግኩ፤ የለም። የዲስኩ ድምፅ እየባሰ ሄደ።

«በሌላ ስም ነው እንዴ የተነሳችው? ተናገሩ እንጂ፣ ዲስኩ ሊሞትብን ነው» ብዬ ጮኽኩባቸው። ስጨነቅ ቱግ ባይ ነኝ።

እናት ባላቸውን ሰረቅ አድርገው አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው አንድ የሙስሊም ስም ተናገሩ። በዚያ ዘመን ብዙ የክርስቲያን ልጆች ሥራ ቶሎ እንዲገኝላቸው ስም ለውጠው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው ይሄዱ ነበር። ባልየው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሰው ናቸው፤ ይህን እንዳይሰሙ እናት ደብቀው ኖረዋል።

ስሙን ስጽፍ ፎልደሩ ወጣ። ወዲያው ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። ፎቶውን ስከፍተው ልጅቱ በጥቁር ሒጃብ ቀጥ ብላ ታየናለች።

እናት ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አባት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ሒጃቡን የገዛሁላት እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ እንዳትሰሚ አስምላኝ ነው።»

እናት ቀና አሉ። «ታዲያ ለጎረቤታችን ስሟን ማን ብለህ ነገርከው?»

«የክርስትናዋን።»

«እኔም።»

እነዚያን ሁሉ ወራት ዘመድ ወዳጁ ሲያጠያይቅላቸው የኖረው በዚያው ስም ነበር። እዚያ አገር ደግሞ በዚያ ስም የተመዘገበች ልጅ የለችም። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ብለዋል።

ፍላሹን ነቅዬ ሳልጨርስ አባት ከእጄ ነጠቁኝ። ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወድቆ መሬት እየተጎተተ፣ በገበያተኛው መሃል ወደ መናኸሪያው ሮጡ፤ ያን የሙስሊም ስም እየደጋገሙ፣ ሰው ሁሉ እየሰማቸው።