በር በሌለው ቤት ውስጥ የነቃሁበት ቀን

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ባለቤቴ ሰሜን ዘምቶ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ድሬዳዋ ብቻዬን በቀረሁበት ዓመት ነው። ስሜን የማያውቅ ሰው ደግ ነገር ባደረገልኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የቤት ሠሪዎች ማኅበራችን ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ ተሰጥቶት ነበር። ቤቶቹን የምንሠራው በእጅ ማሽን በተጨመቀ የአፈር ብሎኬት ነው። በእሳት አይተኮስም፣ ማገዶ አይፈጅም። ከላዩ ጉብታ፣ ከሥሩ ጎድጓዳ ስላለው አንዱ ባንዱ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ በመሃል ጭቃም ሲሚንቶም አይገባም።

የእኔ ብሎኬት ተጨምቆ ደርቋል። ግንበኛው ግን ግድግዳውን እስከ ጉልበት ብቻ አድርሶ ታመመ። ኮሚቴው ደግሞ "እስከ ቅዳሜ ግድግዳው ካልቆመ ቦታው ለተረኛ ይሰጣል" ብሎኛል። በጭንቀት ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ራሴ ልደረድር ሄድኩ። ጥቂት እንዳነሳሁ ወገቤ ከዳኝ። የግራር ጥላ በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ወድቆ ነበርና ነጠላዬን አንጥፌ ጋደም አልኩ።

በሕልሜ ባለቤቴ እየሳቀ ብሎኬት ያቀብለኛል። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ከሩቅ ደግሞ የግመል የእንጨት ቃጭል።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማዩ አራት ማዕዘን ሆኗል። ብድግ አልኩ። ግድግዳው ዙሪያውን ግንባሬ ድረስ ቆሟል። በሩ የነበረበትም ተደፍኗል። የሞትኩ መሰለኝ። ሆዴን ብዳብስ ልጄ ተገላበጠ። ያኔ ጮህኩ።

"አባዮ፣ እህቴ፣ አትደንግጪ!" አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

በበሩ በኩል ብሎኬቶቹ አንድ በአንድ እየተነሱ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ከኋላቸው አራት ጎልማሶችና የተንበረከኩ ግመሎች ነበሩ። መጋላ ገበያ ከሰል አራግፈው ሲመለሱ ፀሐዩ እስኪበርድ ግራሩ ሥር ያረፉ ሶማሌዎች ናቸው።

"ምነው አባባ፣ ለምን ዘጋችሁብኝ?"

"ግመል እንዳይረግጥሽ በሩን ዘጋን" አሉ እየሳቁ። "ከዚያ ይሄ ነገር ደስ አለን። አንዱ አንዱን ይይዛል። እጃችን አልቆም አለ!"

"ነገ ቦታዬን ሊነጥቁኝ ነበር" ብዬ አለቀስኩ።

ሽማግሌው ግድግዳውን ዙሪያውን አዩ። ከዚያ "መስኮቱስ በየት በኩል ይሁን?" አሉኝ።

ወደ ፀሐይ መውጫ ጠቆምኳቸው። ጎልማሶቹ በዚያ በኩል ብሎኬቱን እያነሱ ከፈቱልኝ፤ ያነሱትንም ሌላው ግድግዳ ላይ ደረደሩት። የያዝኩትን ውሃ ተካፍለው ጠጡና ግመሎቻቸውን አስነስተው ሄዱ።

ቅዳሜ ኮሚቴው መጥቶ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው።

"ማን ገነባልሽ?"

"አላውቃቸውም" አልኩ። እውነቴን ነው።

ቦታው ለእኔ ጸና። ባለቤቴም በሰላም ተመልሶ ጣራውን በእጁ መታ።

የሽማግሌውን ስም እንኳ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ፍርሃቱ ግን ጠፍቷል። ያን ሁሉ ሰዓት ሳላውቅ ሰው ሲጠብቀኝ እንደነበር ሳስብ፣ አሁንም ሰውነቴ ዘና ይላል።