ያለ ደብተር የመጡ ድንጋዮች

ናይሮቢ የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር፤ ድንጋይ ለመለካት። ደርግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ መለኪያው ስላልነበረ፣ ከአፋር በረሃ ሰርስሬ ያወጣኋቸውን አውራ ጣት የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮች ግማሹን በሻንጣ ይዤ መጣሁ። ደብተሬን ግን ከቀሩት ድንጋዮች ጋር እህቴ ዘንድ ተውኩት። ቁጥርና ቀስት የሞላበት ደብተር ኤርፖርት ላይ ቢገኝብኝ ምን ብዬ አስረዳለሁ? ኋላ ትልክልኛለች አልኩ። አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ሲቀዘቅዝ፣ ውስጡ ያለው ብረት ነክ ቅንጣት የዚያን ጊዜውን ሰሜን ይዞ ይቀራል። መሬቱ ኋላ ቢዞር ያ አቅጣጫም አብሮ ይዞራል። ከሰሜን ምን ያህል እንደራቀ የለካ ሰው ምድሩ ምን ያህል እንደዞረ ያውቃል። ግን ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት ፊቱ ወዴት እንደነበር መታወቅ አለበት፤ ያ የተጻፈው ደብተሩ ላይ ብቻ ነው። ያለ እሱ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው።

በሁለተኛው ወር የሥራ ጓደኞቼ ታሰሩ፤ እንዳትመለስ የሚል መልእክት ደረሰኝ። የላቦራቶሪው ፕሮፌሰር ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን ቀነ ገደብ ነበረው። "እስከ ወሩ መጨረሻ ውጤት ካሳየኸኝ ሁለት ዓመት ትቆያለህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህንም እናስጨርሳለን። ካልሆነ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ" አለኝ።

በፖስታ የሚላክ ሁሉ ተከፍቶ ይፈተሻል። ስለዚህ መሃል ከተማ ጨርቅ የምትነግድ፣ አዲስ አበባ የምትመላለስ ያገሬን ሴት ከእህቴ ተቀብላ እንድታመጣልኝ ለመንኩ። "ሰማያዊውን ደብተር ብቻ" አልኳት። "ብቻ" የምትለዋን ሦስቴ ደገምኩ።

በየቀኑ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ እየተጋፋሁ ሱቋ በር ላይ ተመላለስኩ። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው መጣችና ከባንኮኒው ሥር ከባድ ጣሳ አወጣች። በርበሬ ነው። እጄን ብሰድበት ድንጋይ ነካሁ። አዲስ አበባ የቀሩት ድንጋዮቼ ናቸው፤ ያውም ታጥበው፣ በቀለም የጻፍኩባቸው ቁጥር ሁሉ ለቅቆ!

"ደብተሩስ እትዬ?"

"ፖሌ፣ አይዞህ ወንድሜ። እህትህ አቃጥላዋለች። ሰፈሩ ሊፈተሽ ነው ሲባል ወረቀት የተባለ ሁሉ ምድጃ ገባ። 'ድንጋዩ ግን ነፍሱ ነው፣ ይድረሰው' ብላ ነው በርበሬ ውስጥ የቀበረችልህ።"

ደሜ ፈላ። ባንኮኒውን በቡጢ መታሁት። "ድንጋይ አስቀምጦ ደብተር የሚያቃጥል ምን ዓይነት ሰው ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ጨርቅ ሊገዙ የቆሙ ሴቶች ዞረው አዩኝ።

ነጋዴዋ ጨርቅ ማጠፏን አላቆመችም። "ባቃጠለች በሳምንቱ መጥተው ቤቱን በረበሩት" አለችኝ። "ፍራሽ ሳይቀር ቀደዱ። ቁጥርና ቀስት ያለበት ደብተር ቢያገኙባት ምን ብላ ታስረዳ ነበር?"

ቦታው ለዚያኛው ሰው ተሰጠ። የአፋር ምድር ምን ያህል እንደዞረ ዛሬም አላውቅም፤ ዛሬም ያናድደኛል። በእህቴ ግን አይደለም። ኤርፖርት ድረስ ለመያዝ የፈራሁትን ደብተር እሷ አልጋ ሥር ትቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ባንኮኒውን በመታሁ በሦስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ተመለስኩ። "እትዬ፣ ስትሄጂ ድንጋዩ ደርሶታል በይልኝ" አልኳት። "ደብተሩንም ደግ አደረግሽ ብሏል በይልኝ።"