ከምድር ቤት እስከ አምስተኛ ፎቅ

የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ በረኪናውን ምድር ቤት፣ የሽንት ቤት ማጽጃውን አሲድ ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ ትቆልፋለች። ሁለቱን ቁልፎች በየክራቸው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ጉልበቷ እያመማት ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች።

«እትዬ፣ ምነው ራስዎን ያደክማሉ?» አለች አዲሷ ባልደረባዋ እየሳቀች። «አንድ ባልዲ ውስጥ ብንቀላቅላቸው እኮ እድፉን ቶሎ ያነሱልናል!»

«አማትና ምራት ናቸው፤ አንድ ቤት አይገቡም» አለች ሴትዮዋ በሻካራ ድምፅ። «ሲገናኙ ደረት የሚያቃጥል መርዛም ጋዝ ይወጣቸዋል።»

«ማን ነገረዎት?»

«እህቴም እንዳንቺ ችኩል ነበረች። ከመታጠቢያ ቤት ጎትቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። እሷን ቀበርኳት፤ ለእኔ ይኼ ድምፅ ቀረኝ።»

ሴትዮዋ የበረኪናውን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለልጅቷ አጠለቀችላት።

«ከዛሬ ጀምሮ ታችኛው ያንቺ፣ ላይኛው የእኔ። ሁለቱ ቁልፎች አንድ ሰው እጅ እንዳይገቡ።»