ወንድሜ «በቃ» የሚልበት ብርሃን

የወንድሜን ክፍል ያጨለምናት በማዳበሪያ ከረጢት ነው። መስኮቷ ላይ ሁለት ደርበን ቸነከርን፤ በበሩ ሥር የሚገባውን ደግሞ በአሮጌ ጋቢ ወተፍነው። ቆርቆሮው ላይ ግን ምስማር የበሳቸው ቀዳዳዎች ነበሩ። ከረፋድ ጀምሮ ከነሱ እንደ ክር የቀጠነ ፀሐይ ይወርዳል። ወንድሜ ክሮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ እንኳ «የራስጌው መጣ» ይለኛል። ያኔ መሰላል አቁሜ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን በጭቃ እደፍናለሁ። ሲደርቅ ይረግፋል፤ በማግስቱ እንደገና እወጣለሁ።

ታላቄ ነው። ጎብዬ አካባቢ አንደኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከሥራ ሲመለስ የተሳፈረበት ባጃጅ ሮቢት ሳይደርስ አስፋልት የሚያቋርጡ ግመሎች ገጠሙት፤ ሹፌሩ እነሱን አድናለሁ ብሎ ሲጠመዝዝ ተገለበጠ። የወንድሜ ጭንቅላት የአስፋልቱን ጠርዝ መታ። ደም አልፈሰሰም። የጎዳንም እሱ ነው፤ ደም ቢፈስ ኖሮ ሰው ያምነው ነበር። ሲቲ ስካን ተነሳ፤ «ንጹሕ ነው» ተባልን። እናታችን አልሐምዱሊላህ ብላ በግ አረደች። በጉ ሳያልቅ ወንድሜ ብርሃን መሸሽ ጀመረ። ከደጅ ሲገባ ግንባሩን ይዞ ይቀመጣል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል።

ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ገበያ የወጣ ቀን የሠፈሩ ሰው ተቀባበለው።

«መምህር፣ ምነው? አጃቢዎችህን የት ጣልካቸው?»

«ተወው እንጂ፣ ሙሽራ ነው! ሙሽራ ፀሐይ ይመታዋል እንዴ?»

እሱም አብሮ ሳቀ። ቤት ገብቶ እስከ ማግስቱ አልተነሳም።

ከወራት በኋላ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከሕክምና ቦርድ ማስረጃ ካመጣ፣ ክፍል ገብቶ ከማስተማር ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል። ካላመጣ ይሰናበታል። መዝገብ ቤቱን ሄጄ አየሁት፤ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው፣ እሷንም ፋይል ጋርዷታል። ከዚያ የተሻለ ቦታ በወረዳው ውስጥ የለም ብዬ ተመለስኩ።

እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ቤት የቀረሁ፣ በየደብተሩ ጀርባ ግጥም የምጭር፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ነኝ። ስልኬ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ አገኘሁ። ስልኩን ብርሃኑ ፊት ስታስቀምጠው የብርሃኑን ልክ በቁጥር ያሳይሃል። ወንድሜን አስቀምጬ፣ ስልኩን ጉንጩ አጠገብ አድርጌ፣ ከረጢቱን ከመስኮቱ ቀስ እያልኩ እገልጣለሁ። ሲያመው «በቃ» ይላል፤ ቁጥሩን እጽፋለሁ። እሱ ቁጥሩን አያይም። አንዳንዴ ላታልለው ብዬ ከረጢቱን ሳልነካ እጄን አንኮሻኩሻለሁ፤ ዝም ይላል። አንዳንዴ ሳላንኮሻኩሽ እገልጣለሁ፤ «በቃ!» ይላል። ለሦስት ሳምንት ያህል ጻፍኩ። ጠዋትም ይሁን ከሰዓት፣ «በቃ» የሚለው ሁልጊዜ ሃምሳ አካባቢ ነበር። ደጃችን ላይ በቀትር ስለካ ቁጥሩ ሺዎቹን አልፎ ይሮጣል። ወንድሜ ቁጥሮቹን ሳነብለት «ሒሳብ ነው እኮ ይኼ» አለ። ከአደጋው ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

ደብተሩን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። የአባታችን ታላቅ ወንድም፣ አጎታችን፣ ሽማግሌ አብሮን ይኑር ተብሎ ተከተለን። ቦርዱ አንዲት ወጣት ሐኪምና ሁለት ጎልማሶች ናቸው። ሐኪሟ ደብተሬን ገልጣ ገልጣ አየችው።

«ጥሩ ነው የሠራሽው። ግን የእህት ደብተር አይቼ ልፈርም አልችልም። እዚሁ ፊታችን እንለካዋለን።»

«በምንድን ነው የምትለኩት፣ ዶክተር?»

«ትልልቅ ቦታ ሰውየውን ሳይጠይቅ የሚለካ መሣሪያ አለ። የዓይኑን ብሌን፣ በቅንድቡ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ ያነባል። ሰውየው ቢዋሽም ባይዋሽም ጡንቻው አይዋሽም። እኛ ጋ ያለው መብራትና የሱ አፍ ነው።»

መብራቱ ቁልፉ ሲዞር ቀስ በቀስ እየደመቀ የሚሄድ ነበር። እስኪያዘጋጁት ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ አጎታችን ወደ ወንድሜ ጎንበስ አለ።

«ስማ፣ ሰው ፊት ነው። እንዳትንሰፈሰፍብን።»

«እሺ፣ አንቱ» አለ ወንድሜ።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። እኛ አገር ወንድ ልጅ እሾህ ሲነቀስለት ጓደኞቹ እግሩን አያዩም፤ ከበው የዓይኑን ቆብ ነው የሚያዩት። ያርገበገበ እንደሆነ ወሬው ከሱ ቀድሞ ቤቱ ይገባል፣ ሠርግ ላይ ሴቶቹ ይገጥሙበታል። ይህን ስለማውቅ ነው ቤት ስለካው ብቻችንን የምንሆነው። ሆኖም አጎታችንን ደጅ ይቆዩ ማለት ነውር መሰለኝ። አብሮን ገባ።

መጋረጃውን ዘግተው ወንድሜን ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሐኪሟ አስረዳችው።

«መምህር፣ ፈተና አይደለም። ልክ መታመም ሲጀምርዎ በቃ ይበሉኝ። ቶሎ ቢሉ ምንም አይደለም።»

ራሱን ነቀነቀ። መብራቱን ማዞር ጀመረች። አጠገቡ ቆሜ ስልኬን ከቀሚሴ እጥፋት ብቅ አድርጌ ከፍቼ ነበር፤ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ። አሁን ይላል አልኩ። አላለም። መቶ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነሳ። ሁለት መቶ። እጁ ከወንበሩ ሥር ብረቱን ጨምድዷል፤ ጣቶቹ ነጥተዋል። ሐኪሟ ቆም ብላ «መምህር?» አለችው። «ይቀጥሉ» አላት። መብራቱ መጨረሻው ድረስ ዞረ። ከግራ ዓይኑ እንባ ጉንጩን ይዞ ወረደ። ዓይኑ ግን እንደተከፈተ ነው።

«እያነባ ነው እኮ!» አልኩ።

«ሳያርገበግብ የቆየ ሁሉ ያነባል» አለ አንደኛው ጎልማሳ፣ እየጻፈ።

አጎታችን ከኋላዬ በሹክሹክታ «ማሻአላህ» አለ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር። ክፋት አልነበረበትም፤ ዛሬም ድረስ ልጠላው አልቻልኩም።

ሐኪሟ ደብተሬን አንድ ጊዜ፣ ወንድሜን አንድ ጊዜ አየች። «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። «ደኅና ነኝ» አለ። ወረቀቱ «ለመደበኛ ሥራው ብቁ ነው» ይላል። ሦስቱም ፈረሙበት።

ከበሩ ወጥተን ሃያ እርምጃ ሳንሄድ ግንቡን ተደግፎ አስመለሰ። አጎታችን «ምሳ ሳይበላ ስለመጣ ነው» አለ። ባጃጅ ውስጥ ነጠላዬን ራሱ ላይ ጥዬ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ቤት ገብቶ ሁለት ቀን ጋቢ ተከናንቦ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ጠየቅኩት።

«ለምን በቃ አላልክም?»

«አጎቴ ነበሩ።»

«እኔ ፊት ትል የለም እንዴ?»

በጨለማው ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። ከዚያ የጎረቤታችን ሠርግ ላይ ገና ልጅ ሳለሁ አውጥቼ የዘፈንኩትን፣ ሴቶቹ ሁሉ የተቀበሉኝን ግጥም አለልኝ፦

እሾህ ሲነቅሱለት ዓይኑን የጨፈነ፣
እናቱ ትዘለው፣ ገና ልጅ ከሆነ።

«ያንቺ ነው አይደል? ያ የገጠምሽበት ልጅ እኮ እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ በሱ ነው የሚጠራው።»

የመጀመሪያ ግጥሜ ነበር። ሰዎች ባለተሰጥኦ ናት ያሉኝ በሱ ነው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደ። ብቁ ነው ተብሏልና መነጽሩን ርዕሰ መምህሩ ሳያየው በር ላይ አወለቀ። አራት ቀን ሠራ። አንዲት ተማሪ ደብተሯን አሳየችኝ፤ ሰሌዳው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የጻፈውን እኩልታ እሷም ልክ እንደሱ ወደ ታች አዘንብላ ገልብጣዋለች። ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የስንብቱ ደብዳቤ የመጣው ማሽላው ሲታጨድ ነው። ማንበብ ስለማይችል እንዳነብለት ጠየቀኝ። ክፍሉ ውስጥ ፊደሉ አይታይም፤ በሩን ጣት በምታሾልክ ልክ ከፈትኩና ስልኩን ልማድ ሆኖብኝ አጠገቡ አስቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ ከሥራ ስለ መሰናበት» ብዬ ጀመርኩ። መስመሩን ለማየት በሩን ትንሽ ገፋሁት።

«በቃ» አለ።

ስልኩን አየሁ። አርባ ዘጠኝ። ደብተሩ ግርጌ ላይ ጻፍኩትና በሩን ዘጋሁ። የቀረውን ደብዳቤ ደጅ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በተዘጋው በር በኩል አነበብኩለት።